ኤስኤስዲ እና አመራረጡ

ኤስኤስዲ መረጃን በሚሽከረከር ሳህን ላይ ሳይሆን በፍላሽ ሜሞሪ ቺፖች ውስጥ የሚያስቀምጥ የኮምፒውተር ማከማቻ ነው። ስሙ «ሶሊድ ስቴት ድራይቭ» የሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ ምህጻረ ቃል ነው። ኤስኤስዲ እንደ ሀርድ ዲስክ ሁሉ ኮምፒውተሩ ሲጠፋም መረጃውን ይዞ ይቆያል፤ ኃይል ሲቋረጥ ይዘቱን ከሚያጣው ከራም የሚለየውም በዚህ ነው።

ኤስኤስዲ በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ የሀርድ ዲስክን ቦታ ከያዘ ዓመታት ተቆጥረዋል። በኢትዮጵያ ግን ብዙ ሰው ከኤስኤስዲ ጋር የሚተዋወቀው አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ ሳይሆን፣ የዘገየበትን ያገለገለ ላፕቶፕ ጥገና ቤት ወስዶ «ሀርዱን በኤስኤስዲ ቀይረው» ሲባል ነው። ገበያ ላይ ያሉት ኤስኤስዲዎች በቅርጽ፣ በመገናኛ ዓይነት፣ በውስጣቸው ባለው የሴል ዓይነት፣ በሚጻፍባቸው የመረጃ መጠንና በጥራት ይለያያሉ። ስለዚህ ምርጫው በዋጋና በጊጋባይት ቁጥር ብቻ የሚወሰን አይደለም። ይህ መጣጥፍ የኤስኤስዲን አሠራርና ታሪክ ባጭሩ ካቀረበ በኋላ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የሚመረጥበትን መስፈርት ያብራራል፤ ምሳሌዎቹንም በዋናነት ከከሚሴና ከአካባቢዋ ይወስዳል።

አሠራር

በኤስኤስዲ ውስጥ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉ። አንደኛው መረጃው የሚቀመጥበት የፍላሽ ሜሞሪ ነው። ሁለተኛው ኮንትሮለር የሚባለው ቺፕ ሲሆን፣ መረጃው የት እንደሚጻፍ የሚወስን፣ ስሕተት የሚያርምና ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገር ትንሽ ፕሮሰሰር ነው።

ፍላሽ ሜሞሪ ሴል ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ሴል ኤሌክትሮኖችን አፍኖ ይይዛል። የታፈነው የኤሌክትሪክ መጠን ሲለካ የተጻፈው ቁጥር ይነበባል። ኤሌክትሮኖቹ በቀጭን መከላከያ ንጣፍ ስለታጠሩ ኃይል ቢቋረጥም ወዲያው አያመልጡም። ነገር ግን በሚጻፍበትና በሚጠፋበት ጊዜ ሁሉ ያ ንጣፍ በጥቂቱ ይጎዳል። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ሴል የሚችለው የመጻፍ ብዛት ውሱን ነው።

የፍላሽ ሜሞሪ ሌላው ባሕርይ መጻፍና ማጥፋት በአንድ መጠን አለመደረጋቸው ነው። መረጃ የሚጻፈው ገጽ በሚባል አነስተኛ ክፍል ነው፤ የሚጠፋው ግን ብዙ ገጾችን የያዘ ብሎክ ባንድ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ፋይል ሲለወጥ ኮንትሮለሩ አዲሱን ይዘት በሌላ ባዶ ገጽ ላይ ይጽፋል፤ አሮጌውን ደግሞ «የማያስፈልግ» ብሎ ይመዘግበዋል። በኋላም ያልፈለጋቸውን ገጾች ሰብስቦ ያጸዳል። ጽሑፉንም አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንዳይደጋገም በሴሎቹ ሁሉ ላይ ያከፋፍለዋል። ትሪም የሚባለው ትእዛዝ ተጠቃሚው የሰረዛቸውን ፋይሎች ቦታ ለኮንትሮለሩ የሚያሳውቅ ሲሆን፣ በዊንዶውስ ውስጥ ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ይገኛል።

ታሪክ

የመጀመሪያው የንግድ ሀርድ ዲስክ በአይቢኤም ኩባንያ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው ራማክ ነው። ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ማከማቻ ቀደም ካሉት ምሳሌዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1978 ስቶሬጅቴክ ያቀረበው ማከማቻ ሲሆን፣ 45 ሜጋባይት ይይዝ ነበር። ዋጋው ግን ከግለሰብ አቅም በላይ ነበር።

ዛሬ በኤስኤስዲ ውስጥ ለሚገኘው ፍላሽ ሜሞሪ መሠረት የጣለው በጃፓኑ ቶሺባ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ነው። የፍላሽ ሜሞሪን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ናንድ የሚባለውን ዓይነት ደግሞ በ1987 አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1991 በኋላ ሳንዲስክ የተባለው ኩባንያ 20 ሜጋባይት የሚይዝ የፍላሽ ኤስኤስዲ ለአይቢኤም አቀረበ፤ ዋጋውም ወደ 1,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ኤስኤስዲ ወደ ተራው ተጠቃሚ ላፕቶፕ መግባት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 ባሉት ዓመታት ነው። ከ2013 ወዲህ ደግሞ ሴሎቹን ጎን ለጎን ብቻ ሳይሆን እንደ ፎቅ ደራርቦ መሥራት በመጀመሩ የሚይዘው መጠን ጨመረ፣ ዋጋውም ቀነሰ።

ከሀርድ ዲስክ ጋር ሲነጻጸር

በሀርድ ዲስክ ውስጥ ሳህኖች ይሽከረከራሉ፤ ማንበቢያው ክንድም ወደሚፈለገው ቦታ ይሄዳል። በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞር የላፕቶፕ ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ 11 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የሚፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ የዚህን ግማሽ፣ ማለትም 5.6 ሚሊሰከንድ ይጠበቃል። ክንዱ ቦታውን ለማግኘት የሚወስደው ጊዜ ሲጨመርበት አንዱ ንባብ ከ10 ሚሊሰከንድ ሊያልፍ ይችላል። በኤስኤስዲ ተመሳሳይ ንባብ 0.1 ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ይፈጃል።

ዊንዶውስ ሲነሣ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ከተለያየ ቦታ ያነባል። የአሮጌ ላፕቶፕ መዘግየት በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ጥበቃ ነው። ሀርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ ሲተካ ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረው አነሣስ ወደ ሰከንዶች የሚወርደውም ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ኤስኤስዲ የፕሮሰሰርን ፍጥነት አይጨምርም፤ የራምን እጥረትም አይተካም። 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ያለው ኮምፒውተር ብዙ የብራውዘር ገጾች ሲከፈቱበት ኤስኤስዲ ቢኖረውም ሊጨናነቅ ይችላል።

ኤስኤስዲ ተንቀሳቃሽ አካል ስለሌለው ለመውደቅና ለመንቀጥቀጥ ብዙም አይበገርም። ድምፅ የለውም፣ ኃይልም ይቆጥባል። የሀርድ ዲስክ ብልጫ ደግሞ በዋጋ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቴራባይት የሚከፈለው ዋጋ ከኤስኤስዲ ያነሰ ነው። በመሆኑም ብዙ ፊልም፣ ፎቶና ቪዲዮ ለማከማቸት ሀርድ ዲስክ አሁንም ያገለግላል።

ቅርጽና መገናኛ

ከመግዛት በፊት መታወቅ ያለበት የመጀመሪያው ነገር ኮምፒውተሩ የሚቀበለው የኤስኤስዲ ዓይነት ነው። ቅርጽና መገናኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ስሕተት የሚፈጠረውም እነዚህን በማደባለቅ ነው።

• ባለ 2.5 ኢንች ሳታ፦ የላፕቶፕ ሀርድ ዲስክ ቅርጽ ያለው ሲሆን ውፍረቱ በአብዛኛው 7 ሚሊሜትር ነው። በአሮጌ ላፕቶፖችና በዴስክቶፖች ላይ በሀርድ ዲስኩ ቦታ በቀጥታ ይገባል።
• ኤም.2፦ እንደ ማስቲካ የተዘረጋ ቀጭን ሰሌዳ ነው። 2280 የሚለው ቁጥር ወርዱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊሜትር መሆኑን ያሳያል። 2242 እና 2230 የሚባሉ አጫጭር ዓይነቶችም አሉ።
• ኤምሳታ፦ ከኤም.2 በፊት በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ይገጠም የነበረ ትንሽ ሰሌዳ ነው። ከኤም.2 ጋር አይቀያየርም።

መገናኛን በተመለከተ ሳታ 3 በሰከንድ 6 ጊጋቢት ያስተላልፋል። ከሚተላለፉት 10 ቢቶች 8ቱ ብቻ መረጃ ስለሆኑ ከፍተኛው መጠን በሰከንድ 600 ሜጋባይት ነው፤ በተግባር ጥሩ የሳታ ኤስኤስዲ ወደ 550 ይደርሳል። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ደግሞ ለፍላሽ ሜሞሪ ታስቦ የተዘጋጀ፣ የመጀመሪያው ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አሠራር ሲሆን፣ ፒሲአይኢ በሚባለው መስመር ይሄዳል። ከፍተኛ የንባብ ፍጥነቱ በሦስተኛው ትውልድ ፒሲአይኢ ወደ 3,500፣ በአራተኛው ወደ 7,000፣ በአምስተኛው ወደ 14,000 ሜጋባይት በሰከንድ ይደርሳል።

የኤም.2 ቅርጽ ያለው ሁሉ ኤንቪኤምኢ አይደለም። አንዳንድ የኤም.2 ቀዳዳዎች ሳታን ብቻ፣ አንዳንዶቹ ኤንቪኤምኢን ብቻ፣ ሌሎቹ ሁለቱንም ይቀበላሉ። አብዛኞቹ የኤንቪኤምኢ ሰሌዳዎች በመሰኪያቸው ላይ አንድ ክፍተት፣ የሳታ ኤም.2 ሰሌዳዎች ሁለት ክፍተት አላቸው። ይህ ግን ጠቋሚ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ማረጋገጫው የላፕቶፑን ሙሉ የሞዴል ስም ይዞ የአምራቹን መመሪያ ማየት ነው። በኢትዮጵያ ገበያ ላይ ኮምፒውተር በ«ጀነሬሽን» ስለሚጠራ እንደ ግምት የሚከተለው ይጠቅማል፤ የኢንቴል 4ኛና 5ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፖች በአብዛኛው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ይቀበላሉ፣ ከ6ኛው ወዲህ ባሉት ደግሞ ኤንቪኤምኢ የሚቀበል ቀዳዳ እየተለመደ መጥቷል።

ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔት፣ ለሒሳብ ሰንጠረዥና ለትምህርት ፕሮግራሞች በሳታና በኤንቪኤምኢ መካከል ያለው ልዩነት እምብዛም አይሰማም። ትልቁ ዝላይ ከሀርድ ዲስክ ወደ የትኛውም ኤስኤስዲ የሚደረገው ነው። በሰከንድ 7,000 ሜጋባይት የሚለው ቁጥር ትርጉም የሚኖረው ትልልቅ የቪዲዮ ፋይሎችን ዘወትር ለሚያዘዋውር ሰው ነው። የሦስተኛ ትውልድ መስመር ብቻ ባለው ኮምፒውተር ላይ የአራተኛ ትውልድ ኤስኤስዲ ይሠራል፤ ነገር ግን በሦስተኛው ፍጥነት ተወስኖ ነው።

የሴል ዓይነትና የአገልግሎት ዘመን

ሴሎች በሚይዙት የቢት ብዛት በአራት ይከፈላሉ። ኤስኤልሲ 1 ቢት፣ ኤምኤልሲ 2፣ ቲኤልሲ 3፣ ኪውኤልሲ 4 ቢት ይይዛሉ። ቢቱ በጨመረ ቁጥር ሴሉ ለይቶ ማወቅ ያለበት የኤሌክትሪክ ደረጃ እጥፍ ይሆናል፤ ኤስኤልሲ 2 ደረጃዎችን ሲለይ ኪውኤልሲ 16 ደረጃዎችን መለየት አለበት። በዚህ ምክንያት ኪውኤልሲ ርካሽ ቢሆንም ለመጻፍ ይዘገያል፣ ቶሎም ያረጃል። ዛሬ ለግለሰብ የሚሸጡት በአብዛኛው ቲኤልሲ ወይም ኪውኤልሲ ናቸው።

አምራቾች የኤስኤስዲን ጽናት ቲቢደብልዩ በሚባል ቁጥር ይገልጻሉ። ይህም በዋስትናው ዘመን ውስጥ ሊጻፍበት የሚችለው መረጃ በቴራባይት ነው። ለምሳሌ የሳምሰንግ 870 ኢቮ ባለ 1 ቴራባይቱ 600 ቲቢደብልዩና የ5 ዓመት ዋስትና አለው። ከዚያው ኩባንያ የወጣው በኪውኤልሲ የተሠራው 870 ኪውቮ በተመሳሳይ መጠን 360 ቲቢደብልዩና የ3 ዓመት ዋስትና አለው። በርካሽነቱ የሚታወቀው ኪንግስተን ኤ400 ባለ 240 ጊጋባይቱ 80 ቲቢደብልዩ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ለተራ ተጠቃሚ ምን ማለት እንደሆኑ በቀላል ስሌት ይታያል። በቀን 20 ጊጋባይት የሚጽፍ ተጠቃሚ 80 ቴራባይትን ለመጨረስ 4,000 ቀን፣ ማለትም 11 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ለተማሪ ወይም ለቢሮ ሥራ የጽሑፍ ጽናት አሳሳቢ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ኤስኤስዲን ከአገልግሎት ውጭ የሚያደርገው የሴል ማለቅ ሳይሆን የኮንትሮለር ብልሽት፣ የፕሮግራም ስሕተት ወይም የኃይል ችግር ነው።

ዲራም እና ጊዜያዊ ፍጥነት

ኮንትሮለሩ እያንዳንዱ መረጃ የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ ይይዛል። ጥሩ ጥሩዎቹ ኤስኤስዲዎች ለዚህ ካርታ የሚሆን ዲራም የሚባል የራሳቸው ፈጣን ሜሞሪ አላቸው። ዲራም የሌላቸው የኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲዎች ከኮምፒውተሩ ራም ላይ ጥቂት ተበድረው መሥራት ስለሚችሉ ለዕለት ሥራ በቂ ናቸው። ዲራም የሌላቸው የሳታ ኤስኤስዲዎች ግን ይህ ዕድል የላቸውም፤ ሲሞሉና ብዙ ሥራ ባንድ ጊዜ ሲመጣባቸው ዝግመታቸው ይታያል።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የመጻፍ ፍጥነትም ጊዜያዊ ሊሆን ይችላል። ቲኤልሲና ኪውኤልሲ ኤስኤስዲዎች ከሴሎቻቸው የተወሰኑትን ለጊዜው 1 ቢት ብቻ እያስያዙ በፍጥነት ይጽፋሉ፤ ያ ቦታ ሲሞላ ፍጥነቱ በብዙ ይወርዳል። በመሆኑም 2 ጊጋባይት ሲገለበጥ ፈጣን የነበረ ኤስኤስዲ 100 ጊጋባይት ሲገለበጥበት መሀል ላይ ሊያዘግም ይችላል። ዲስኩ ሲሞላ ይህ ጊዜያዊ ቦታ ስለሚጠብብ ከጠቅላላው መጠን ከ10 እስከ 20 በመቶ ክፍት መተው ይመከራል።

የሚያስፈልገው መጠን

አምራቾች 1 ጊጋባይትን 1,000,000,000 ባይት ብለው ሲቆጥሩ ዊንዶውስ በ1,024 እያባዛ ይቆጥራል። ስለዚህ 240 የተባለው በዊንዶውስ 223፣ 256 የተባለው 238፣ 500 የተባለው 465፣ 1 ቴራባይት የተባለው 931 ጊጋባይት ሆኖ ይታያል። ይህ ማጭበርበር ሳይሆን የአቆጣጠር ልዩነት ነው።

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይጠይቃል። ማሻሻያዎችና ፕሮግራሞች ሲጨመሩ 120 ወይም 128 ጊጋባይት ቶሎ ይጠባል። ለጽሑፍና ለትምህርት 240 ወይም 256 ጊጋባይት ይበቃል፤ 480 ወይም 512 ደግሞ ለአብዛኛው ሰው ለዓመታት የሚሆን መጠን ነው። በተመሳሳይ ሞዴል ውስጥ ትልቁ መጠን ብዙውን ጊዜ ይፈጥናል፣ ቲቢደብልዩውም ከፍ ያለ ነው።

ኤስኤስዲ መግጠም አሮጌ ኮምፒውተርን ለዊንዶውስ 11 ብቁ እንደማያደርግ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ሥርዓት በኢንቴል በኩል በአብዛኛው 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ስለሆነም የ4ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ ያለው ሰው መጠነኛ ዋጋ ያለው የሳታ ኤስኤስዲ ገዝቶ እንደ ሊኑክስ ያለ ነጻ ሥርዓት መጫን አንዱ አማራጩ ነው። ለእንዲህ ያለ ኮምፒውተር ውድ ኤስኤስዲ መግዛት ግን የኮምፒውተሩን ቀሪ ዕድሜ ያላገናዘበ ወጪ ይሆናል።

በከሚሴና አካባቢው ያሉ ሁኔታዎች

ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ትገኛለች። ዞኑ የጨፋን ሜዳ፣ የቦርከናን ወንዝ ተፋሰስ እንዲሁም በሰኞ ገበያዋ የታወቀችውን ባቲን ያጠቃልላል። የአካባቢው ሁኔታ በኤስኤስዲ ምርጫ ላይ ቢያንስ በአምስት መንገድ ያርፋል።

የመብራት መቋረጥ፦ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ መብራት በድንገት ሲጠፋ በመጻፍ ላይ ያለው መረጃ ይጠፋል፤ የኮንትሮለሩ ካርታም ሊበላሽ ይችላል። ለሰርቨር የሚሠሩ ኤስኤስዲዎች እንዲህ ባለ ጊዜ ጽሑፉን የሚያስጨርስ ኃይል የሚይዙ ካፓሲተሮች አሏቸው፤ ለግለሰብ የሚሸጡት በአብዛኛው የላቸውም። በላፕቶፕ ላይ ባትሪው ይህን ክፍተት ይሸፍናል። ስለዚህ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ እኩል ለአደጋ የተጋለጠ ነው። በጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች፣ በትምህርት ቤቶችና በቢሮዎች ላሉ ዴስክቶፖች ዩፒኤስ መግዛት ውድ ኤስኤስዲ ከመግዛት ይቀድማል።

ሙቀትና አቧራ፦ ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ለግለሰብ የሚሸጡ ኤስኤስዲዎች በአብዛኛው እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሠሩ የተዘጋጁ ናቸው። የሳታ ኤስኤስዲ ለዚህ ገደብ እምብዛም አይቀርብም። ፈጣን የኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ግን አየር ማስወጫው በአቧራ በታፈነ ላፕቶፕ ውስጥ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኮንትሮለሩ ብዙ የማይሞቅ መካከለኛ ምርት እዚህ ላይ ከፈጣኑ ሊሻል ይችላል።

ጉዞና ከፍታ፦ በሀርድ ዲስክ ውስጥ ማንበቢያው በሳህኑ ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ መንሳፈፉ ስለሚከብደው ብዙ አምራቾች የሥራ ገደቡን 3,048 ሜትር አድርገው ያስቀምጣሉ። ከሚሴ ከዚህ በታች ናት፤ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ግን በጣርማ በር በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ ያልፋል። የጠፋ ዲስክን ይዞ ማለፍ ችግር የለውም። መኪና ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቶ የሚሠራ ሰው ግን ከከፍታው ይልቅ በመንገዱ ንቅናቄ ሀርድ ዲስኩን ሊጎዳ ይችላል። ኤስኤስዲ ከሁለቱም ነጻ ነው።

ተዘግቶ መቆየት፦ የፍላሽ ሴል ለረጅም ጊዜ ኃይል ሳያገኝ ሲቀር የያዘው ኤሌክትሪክ ቀስ በቀስ ያመልጣል። ጄዴክ የተባለው የኢንዱስትሪው ደረጃ አውጪ፣ ለግለሰብ የሚሆን ኤስኤስዲ የጽሑፍ ጽናቱን ጨርሶ እንኳ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ1 ዓመት መረጃውን እንዲይዝ ይጠይቃል። አዲስ ኤስኤስዲ ከዚህ በጣም ይረዝማል፤ ሙቀት ግን ዘመኑን ያሳጥረዋል። ስለዚህ ያረጀ ኤስኤስዲን በሞቃት ክፍል ለዓመታት ቆልፎ ማስቀመጥ አስተማማኝ አይደለም።

የኢንተርኔት መቋረጥ፦ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከሚሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ተሰደዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ በኢንተርኔት ላይ የተቀመጠ ቅጂ አይደረስበትም፤ ቤት ውስጥ ብቻ ያለ ቅጂም ከቤቱ ጋር ሊጠፋ ይችላል። የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የትምህርት ቤት ውጤት፣ የሱቅ ሒሳብና የቤተሰብ ፎቶ በኪስ በሚያዝ ማከማቻ ላይ ሁለተኛ ቅጂ ማግኘታቸው በዚህ አካባቢ ቅንጦት አይደለም።

ገበያና ዋጋ

ኤስኤስዲ ሙሉ በሙሉ ከውጭ ስለሚገባ ዋጋው ከውጭ ምንዛሪ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ከ57 ብር በላይ የነበረው የዶላር ተመን ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል። የፍላሽ ሜሞሪ የዓለም ገበያ ራሱም ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለዋወጣል። በዚህ የተነሣ አምና የተነገረ ዋጋ ዘንድሮ መመዘኛ አይሆንም፤ ሁለትና ሦስት ሻጮችን በዚያው ሳምንት ማነጻጸር ይሻላል።

ከከሚሴ የሚገዛ ሰው በከተማው ካሉ ሱቆች፣ ከኮምቦልቻ፣ ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ ይገዛል፤ በቴሌግራም አስመርጦ በመኪና የሚያስልክም አለ። ርቀት ዋስትናን ያሳንሳል። የ5 ዓመት የአምራች ዋስትና ካርቶኑ ላይ ቢጻፍም፣ የተበላሸውን ዕቃ የሚቀይረው በአብዛኛው ሻጩ ነው። ስለዚህ የሻጩ የመቀየሪያ ጊዜ ስንት ቀን እንደሆነ ከደረሰኝ ጋር በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል። በቅርብ ካለ ሻጭ ትንሽ ጨምሮ መግዛት አንዳንድ ጊዜ ከሩቁ ርካሽ ዋጋ ያዋጣል።

አስመሳይ ዕቃን መለየት

በዓለም ገበያ የሚታወቁ ሁለት ዓይነት ማጭበርበሮች አሉ። የመጀመሪያው መጠንን ማስመሰል ነው። በኮምፒውተሩ ላይ 2 ወይም 16 ቴራባይት ሆኖ የሚታይ ተንቀሳቃሽ ኤስኤስዲ ሲከፈት ውስጡ አነስተኛ ሜሞሪ ካርድ ብቻ ይገኝበታል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ አዲሱ ፋይል የቀድሞውን ያጠፋዋል፤ ተጠቃሚውም የሚያውቀው ፋይሉን ሲከፍት ነው። ሁለተኛው ያገለገለ ዕቃን አዲስ አስመስሎ መሸጥ ነው።

መጠንን ለማረጋገጥ ዲስኩን እስከ መጨረሻው ጽፎ መልሶ የሚያነብ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ በሊኑክስ ኤፍ3፣ በዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባሉት ይታወቃሉ። እነዚህ የሚሠሩት መረጃ ከመጫኑ በፊት ነው። ያገለገለ መሆኑን ለማየት እንደ ክሪስታልዲስክኢንፎ ያለ ፕሮግራም ስማርት የሚባለውን መዝገብ ያነባል። በዚያ ላይ ዲስኩ የሠራበት ሰዓት፣ የተጻፈበት ጠቅላላ መረጃና የቀረው ዕድሜ በመቶኛ ይታያል። አዲስ የተባለ ዕቃ ብዙ መቶ ሰዓት ካሳየ አዲስ አይደለም። መዝገቡ ሊነካካ ስለሚችል ግን ንጹሕ መሆኑ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። አንዳንድ ርካሽ ምርቶችም በአንድ ስም እየተሸጡ ውስጣቸው ከጊዜ ወደ ጊዜ ይቀየራል፤ ሴላቸውን፣ ቲቢደብልዩአቸውንና ዋስትናቸውን በግልጽ የማይጽፉትን አለመግዛት ይመረጣል።

እንደ አገልግሎቱ መምረጥ

• ተማሪና አሮጌ ላፕቶፕ፦ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ፣ ከ240 እስከ 512 ጊጋባይት፣ ስሙ የታወቀ ምርት። ራሙ 4 ጊጋባይት ከሆነ በጀቱን ከፍሎ ራም መጨመር ትልቅ ኤስኤስዲ ከመግዛት የበለጠ ሊጠቅም ይችላል።
• ኤም.2 ያለው ላፕቶፕ፦ ዲራም የሌለው መካከለኛ የኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ፣ 500 ጊጋባይት። የአራተኛ ወይም የአምስተኛ ትውልድ ከፍተኛ ፍጥነት አያስፈልግም።
• የቢሮና የጽሕፈት ቤት ዴስክቶፕ፦ 240 ወይም 256 ጊጋባይት ሳታ ከዩፒኤስ ጋር። መዝገቡ በየቀኑ በሌላ ማከማቻ ላይ መገልበጥ አለበት።
• ሙዚቃና ፊልም የሚጭኑ ቤቶች፦ ለሥርዓቱ አነስተኛ ኤስኤስዲ፣ ለፊልሙ ትልቅ ሀርድ ዲስክ። ፍላሽና ሜሞሪ ካርድ ራሳቸው ቀርፋፋ ስለሆኑ ሁሉንም በኤስኤስዲ ማድረግ የመገልበጡን ጊዜ ብዙም አያሳጥረውም።
• የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ ሥራ፦ 1 ቴራባይትና ከዚያ በላይ፣ ቲኤልሲ፣ ዲራም ያለው ቢሆን ይመረጣል። ያለቀው ሥራ ወደ ሀርድ ዲስክ ይተላለፋል።

ማዛወርና አያያዝ

ሀርድ ዲስክን በኤስኤስዲ ለመተካት ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ወይም የቀድሞውን እንዳለ መገልበጥ ይቻላል። ለመገልበጥ ሳታን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድና እንደ ክሎንዚላ ያለ ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። ከሥራው በፊት አስፈላጊ ፋይሎች በሌላ ቦታ መቀመጥ አለባቸው። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነም መክፈቻ ቁልፉን አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። የወጣው ሀርድ ዲስክ ጤነኛ ከሆነ በዩኤስቢ መያዣ ተደርጎ ለመጠባበቂያ ቅጂ ያገለግላል።

ኤስኤስዲን ዲፍራግ ማድረግ አይጠቅምም፤ የጽሑፍ ብዛት ብቻ ይጨምራል። ዊንዶውስ ኤስኤስዲ መሆኑን ሲያውቅ በምትኩ ትሪምን ይልካል። ኮምፒውተሩ ከመሸጡ በፊት ፋይሎችን በሌላ ፋይል ደርቦ ማጥፋት ለኤስኤስዲ አስተማማኝ አይደለም፣ ኮንትሮለሩ አዲሱን ጽሑፍ በሌላ ሴል ላይ ሊያደርገው ይችላልና። ለዚህ በአምራቹ ፕሮግራም ወይም በባዮስ ውስጥ የሚገኘው ሙሉ ማጥፊያ ትእዛዝ ይሻላል።

መጠባበቂያ ቅጂ

ሀርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት ብዙ ጊዜ ይንቋቋል ወይም ይዘገያል። ኤስኤስዲ ግን ያለ ምንም ምልክት በአንድ ጠዋት ላይታይ ይችላል። በትሪም ምክንያትም በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ከኤስኤስዲ ላይ መልሶ ማግኘት ከሀርድ ዲስክ ይልቅ ይከብዳል። የተበላሸ ኤስኤስዲን መረጃ ማውጣት ልዩ መሣሪያ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ወጪውም ከኤስኤስዲው ዋጋ በብዙ ሊበልጥ ይችላል።

በመሆኑም የተለመደው ምክር መረጃውን በሦስት ቅጂ፣ በሁለት የተለያዩ የማከማቻ ዓይነቶች፣ አንዱን ደግሞ ከቤት ወይም ከቢሮ ውጭ ማስቀመጥ ነው። በጀት ሲያንስ ከአንድ ባለ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ ይልቅ አንድ ባለ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲና አንድ ተንቀሳቃሽ ሀርድ ዲስክ መግዛት መረጃን በተሻለ ይጠብቃል። ለመመረቂያ ጽሑፍና ለመሳሰሉት ትናንሽ ፋይሎች በዘመድ ወይም በጓደኛ ቤት የተቀመጠ አንድ ፍላሽ እንኳ ሦስተኛው ቅጂ ሊሆን ይችላል።